መሬት ላይ እርስዎ፣ ድንጋይ ላይ አንቺ

የሲስተር የሺመቤትን ማረፍ የነገረኝ ዮናስ ነው። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬ ጠራ። «ሲስተር…» አለ። እኔም ሌላ ነገር አልጠየቅኩትም፤ ታመው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ከኋላዬ ያለው ሰው «እህት፣ ተራሽ ነው እኮ» ሲለኝ ትዝ ይለኛል። ታክሲውን አሳልፌ ወደ ሲግናል ሰፈር በእግሬ ሄድኩ።

በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። ተወልደው ያደጉት የካ እንደሆነ፣ በወጣትነታቸው ለነርስነት ትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን እንደተላኩ፣ ተመልሰውም ጡረታ እስኪወጡ በሕፃናት ክፍል እንዳገለገሉ፣ ትሑትና ሰው አክባሪ እንደነበሩ ተነገረ። ሁሉም እውነት ነው። ስለ ድንጋይ ግን አንድም ቃል አልተነሳም። ከለቀስተኛው ጀርባ፣ ጣታችን የተላላጠ፣ ጥፍራችን የተቆራረጠ ጥቂት ሰዎች አንድ ላይ ቆመን ነበርና እርስ በርስ ተያየን። ታሪኩን የጻፉት ዘመዶቻቸው ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። «ሟች ቅዳሜ ቅዳሜ ገመድ ተሸክመው ገደል ይወጡ ነበር» ብሎ በካህናት ፊት ማንበብ ከብዷቸው ይሆናል። የቀረውን እኔ ልጻፈው።

ያወቅኳቸው በጎረቤትነት ነው። ከቤተሰብ ወጥቼ እዚያው የካ ኮንዶሚኒየም የተከራየሁ ሰሞን፣ አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ቀና ብል፣ ነጭ የነርስ ልብስ የለበሱ ሴት ከላይኛው ፎቅ የደረጃ ጠርዝ በጣቶቻቸው ጫፍ ተንጠልጥለዋል። ጫማቸው ወለሉ ላይ በሥርዓት ጎን ለጎን ተቀምጧል። ጮህኩ።

«አትጩሂ ልጄ፣ ሰው ይሰበሰባል» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ጭንቀት የሚባል ነገር የለም። «አሁን እወርዳለሁ፤ ትንሽ ነው የቀረኝ።»

«ምን… ምን ሆነው ነው?»

«ምንም አልሆንኩም። ጣት ካላሠሩት ይሰንፋል።»

ወረዱ፣ ጫማቸውን አደረጉ፣ እጃቸውን ለሰላምታ ዘረጉልኝ። አጭር ሰው ናቸው፤ ትከሻቸውም ጠበብ ያለ ነው። እጃቸው ግን የሌላ ሰው ይመስል ነበር። መዳፋቸው ደርቆ የተሰነጣጠቀ፣ ጣታቸው የወፈረ፣ አጨባበጣቸው ደግሞ እንደ ሕፃን አያያዝ ለስለስ ያለ። በኋላ ስሰማ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ የሕፃን ደም ሥር ጠፍቶ ሁሉም ሲያቅተው የሚጠሩት እሳቸው ነበሩ።

«ቅዳሜ ሥራ አለሽ?» አሉኝ።

«የለኝም።»

«እንግዲያው ከኔ ጋር እንጦጦ ትወጫለሽ።»

ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ወደ ምሥራቅ አልፎ፣ ባሕር ዛፉ ሳሳ ሲል፣ መሬቱ በድንገት የሚቆረጥበት ቦታ አለ። ከላይ ሲያዩት ገደል ነው፣ ከታች ሲያዩት ግንብ። ሲስተር ከጀርመን የተመለሱ ጊዜ ጓደኞቻቸው ሞተር ሳይክልና ቴሌቪዥን ይዘው ሲገቡ፣ እሳቸው ሻንጣቸው ውስጥ ገመድ ይዘው ገቡ። እናታቸው ለዓመታት የልብስ ማስጫ አድርገውት ነበር አሉ። ገመድ የሚይዝላቸው ሰው ስላልነበረ ብቻቸውን፣ ከመሬት ብዙም ሳይርቁ፣ በግንቡ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ኖሩ። ለጸበል የሚወጡ ምእመናን እያማተቡ ያልፏቸዋል። አንዲት እናት ክፉ መንፈስ የያዛቸው መስሏት ጸበል ይዛ ብትመጣ፣ ሲስተር ወርደው ዝም ብለው ተረጩ። «ምን ቸገረኝ፤ ደግሞም ሙቀት ነበር» ይላሉ ሲያወሩት።

የመጀመሪያው ጓደኛቸው ዮናስ ነው። የሕንፃ መሐንዲስ ነው፤ ረጅም፣ ችኩል፣ ልቡ ደግ። እንጦጦ ላይ ሊሮጥ ወጥቶ ድንጋዩ ላይ አያቸውና «ማዘር፣ ልርዳዎት?» ይላቸዋል። «ና ያዝልኝ» ብለው ገመዱን ወረወሩለት። እሱ ሌላውን አመጣ፣ ሌላውም ሌላውን፤ እኔ ስደርስ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ።

የመጀመሪያ ቀኔ ወገቤን በመታጠቂያ አሥረው ከግንቡ ሥር አቆሙኝ። ትንሽ እንደወጣሁ ወደ ታች አየሁ።

«ሲስተር፣ እባክዎን ገመዱን ጠበቅ ያድርጉልኝ!» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«እባክዎን ገመዱን…»

«ነይ ውረጂ።»

ወረድኩ። ዮናስ ፊቱን አዙሮ ይስቃል።

«ስሚ መክሊት፣ ይሄን ሁሉ ብለሽ እስክትጨርሺ ወድቀሽ ታልቂያለሽ። መሬት ላይ እርስዎ በይኝ፤ እናትሽ ደህና አድርጋ አሳድጋሻለች። ድንጋይ ላይ ግን አንቺ ነኝ። ‹ያዢ!› ‹ልቀቂ!› ‹ሳቢ!› አለቀ።»

በእናቴ ዕድሜ ባሉ ሴት ላይ «ያዢ!» ብሎ መጮህ እንዴት እንደሚከብድ ያልሞከረው አያውቀውም። ምላሴ ከእግሬ ዘግይቶ ለመደ። እግራችን መሬት እንደነካ ሁላችንም ወደ እርስዎ እንመለሳለን። አንዳንዴ ምላሳችን ይሳሳትና ሻይ ስንቀዳላቸው «እንኪ!» እንላቸዋለን፤ ያኔ ዕንባቸው እስኪመጣ ይስቃሉ።

ዕረፍት ላይ ዳቦና ሻይ ስንካፈል ያወሩልናል። ጀርመን፣ አንድ ወንዝ ዳር፣ ከጫካ መሐል እንደ ጣት ቀጥ ብለው የቆሙ የአሸዋ ድንጋይ ዓምዶች ነበሩ። በተማሪዎች መኖሪያ ክፍል የምትጋራቸው ጀርመናዊት ወስዳ አሳየቻቸው። የዚያ አገር ሰዎች ሕጋቸው የገዳም ያህል ጥብቅ ነው። ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ ብረት አይመቱበትም፤ ገመድ ቋጥረው ስንጥቅ ውስጥ ይወሽቁና ሕይወታቸውን ለዚያች ቋጠሮ አደራ ይሰጣሉ። ዝናብ የመታው ዕለት አይወጡም፤ ርጥብ ድንጋይ በቀላሉ ይሰበራል፣ ይጎዳል። «የሚጎዳው እኛ እንዳይመስልሽ፣ ድንጋዩ ነው!» ይሉና፣ ስንት ጊዜ ያወሩትን ነገር እንደ አዲስ ራሳቸው ይደነቁበታል።

ከዚያ እዚያው ጀርመን ከሽማግሌ ገደል ወጪዎች የሰሙትን፣ ከውቅያኖስ ማዶ ያለ የሌላ አገር ወሬ ይቀጥላሉ። ከኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ በቆመ ግንብ ሥር ድንኳን ተክለው የሚከርሙ ሰዎች ነበሩ። ሥራ የላቸውም፤ የነበራቸውም ትተውት መጥተዋል። ከምግብ ቤት የተረፈ ይበላሉ፣ የወታደር አሮጌ ሱሪ ይለብሳሉ፣ ጥበቃዎች ሲያባርሯቸው በሌላ በኩል ዞረው ይመለሳሉ። ለግንቡ የሚሆን ችካል የሚሸጥ ሱቅ ስላልነበረ ከወዳደቀ ብረት ራሳቸው ይቀጠቅጣሉ። ግንቡ በአንድ ቀን አይገፋምና ውሃና ስንቃቸውን በገመድ እየጎተቱ፣ እዚያው ተንጠልጥለው እያደሩ፣ ቀናትና ሳምንታት ይወጡታል። እርስ በርስም ይጣሉ ነበር። አንዱ መያዣ ያጣበትን ቦታ እየበሳ ብረት ተክሎ ወጣ። ሌላው ደግሞ ይህስ ማጭበርበር ነው ብሎ ተከትሎት ወጥቶ ብረቱን እየነቀለ ጣለ።

«ማንኛቸው ነበሩ ልክ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ሁለቱም ግትሮች ነበሩ» አሉ። «ግን የተጣሉበትን ነገር እይልኝ። በመሬት አልተጣሉ፣ በሥልጣን አልተጣሉ። በቀዳዳ!» ትንሽ ሳቁና ኮስተር አሉ። «ቀዳዳው ቀላል ነገር ነው ማለቴ አይደለም። አንዴ ከበሳሽው፣ ከኋላሽ የሚመጣው ሰው ያን ድንጋይ እንደ ተፈጠረ አያገኘውም።»

የሲስተር ልብ ያለው ከእንጦጦ ባሻገር፣ ሰሜን ነበር። የቦታውን ስም አልጽፈውም፤ በስሙ ሲጠራ አይወዱም ነበር። ሜዳ ለሜዳ ሲነዳ ተቆይቶ መሬቱ በድንገት ይከፈትና ጥልቅ ሸለቆ ይሆናል። ማዶ ያለው ግድግዳ ጥቁርና ቀጥ ያለ ነው፤ ጥንብ አንሳዎች የሚነሱት ከመካከሉ ነው። ሲስተር ለዓመታት እየሄዱ ከወዲህ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለው በባይኖኩላር ሲያጠኑት ኖረዋል። ልንሞክረው የሄድን ጊዜ ከግንቡ ሥር የሚያርሱ አንድ አዛውንትን ፈቃድ ጠየቅን።

«ላይ ምን አለ?» አሉ አዛውንቱ።

«ምንም የለም አባባ» አሉ ሲስተር።

«ማር ነው?»

«ማርም የለም።»

«ታዲያ ምን ልታወርዱ ነው?»

«ምንም። ወጥተን በዚያ በኩል ባለው መንገድ ዞረን እንመለሳለን።»

አዛውንቱ ሦስታችንንም አንድ በአንድ አዩን፤ ሲስተርን፣ ዮናስን፣ እኔን። «የሚሰረቅ ነገር ከሌለማ ምን ብዬ እከለክላለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ሂዱ፣ እግዜር ይጠብቃችሁ።»

የመጀመሪያው ቀን ሰመረልን። ከፊት የሚመሩት ሲስተር ነበሩ። ሲወጡ ማየት ደስ ይላል፤ አይቸኩሉም፣ አይታገሉም። ድንጋዩን በመዳፋቸው ደባብሰው፣ በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው፣ የተሸሸገ ደም ሥር የሚፈልጉ ይመስላሉ፤ ሲያገኙት ያን ጊዜ ብቻ ክብደታቸውን ይጥሉበታል። ከግንቡ ወጣ ባለች፣ አልጋ በምታህል ደፍ ላይ ራሳችንን አሥረን አደርን። በማግስቱ ጠዋት ከፍ ብለን ሌላ ደፍ ላይ እንደደረስን ግንቡ ልሙጥ ሆነብን። የምንከተለው ስንጥቅ ጠፋ። ከላይ፣ ሁለት የሰው ቁመት ያህል አልፎ፣ እንደገና ይጀምራል። መሐሉ መስታወት ነው። ሲስተር ሞክረው ተመለሱ። እንደገና ሞክረው ተመለሱ። ያኔ ዮናስ ከቦርሳው የድንጋይ መብሻ አወጣ። በባትሪ የሚሠራ፣ ግንባታ ቦታ ላይ የሚጠቀምበት ነው። ይዞት መምጣቱን እኔም አላወቅሁም ነበር።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ ሲስተር።

«ለክፉ ቀን ብዬ ነው።»

«ዛሬ ክፉ ቀን ነው ያለህ ማነው?»

«ሲስተር፣ ሦስት አራት ቀዳዳ ብቻ! ከዚያ በላይ መንገዱ ይታየኛል። ይሄን ሁሉ ዓመት ጠብቀሽ ለሦስት ቀዳዳ ብለሽ ልትመለሺ ነው?»

«አዎ።»

«ማን ያየናል?»

«እኔ አያለሁ» አሉ። አልተቆጡም፤ ድምፃቸው እንደ ሁልጊዜው ነበር። «እኛ ካልቻልነው አልቻልነውም ማለት ነው፣ ዮኒ። አንድ ቀን የሚችል ሰው ይመጣል። ተውለት።»

ዮናስ መብሻውን መልሶ ቦርሳው ውስጥ ወረወረው። «እንግዲያው እንዲሁ እወጣዋለሁ» አለ።

«ተናደሃል። ተናደህ አትውጣ።»

«አልተናደድኩም!»

ሲስተር ትንሽ አዩትና ገመዱን ያዙለት። ለምን እንዳልከለከሉት በኋላ ስጠይቃቸው፣ ድንጋይ ላይ ማንም የማንም አለቃ አይደለም አሉኝ።

ዮናስ ከጠበቅሁት በላይ ሄደ። ግራ እጁን ዘርግቶ የሆነች ጠርዝ ላይ ሊደርስ ሲል እግሩ ከዳው። በስንጥቁ ጫፍ የወሸቀው ቋጠሮ ተስፈንጥሮ ወጣ። በአጠገባችን አልፎ ከደፉ በታች ሲወርድ ገመዱ ሲስተርን ወደ ደፉ ጠርዝ ስቦ ከድንጋዩ ጋር አላተማቸው። ቀኝ እጃቸው በገመዱና በድንጋዩ ጠርዝ መካከል ተያዘ። የአጥንት ድምፅ ሰማሁ። መልቀቅ ይችሉ ነበር፤ ቢለቁ እጃቸው ይድናል። አለቀቁም።

«ይዤሃለሁ» አሉት፤ እንደ መንሾካሾክ ነበር። ከዚያ ወደኔ፦ «መክሊት፣ እጄን አትዪ። ገመዱን እኛ በታሠርንበት ቋጠሮ ላይ ቋጥሪው። ቀስ ብለሽ። በግራ አዙሪው። አሁን ሳቢ። ጎሽ።»

ገመዱ ሲታሠር ነው እጃቸውን ያወጡት። ዮናስን ሁለታችን እየጎተትን፣ እሱም በአንድ እግሩ እየረገጠ፣ ደፉ ላይ ወጣ። ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሯል። ሲስተር የምንተኛበትን ፍራሽ ቀዳደው በግራ እጃቸውና በጥርሳቸው እግሩን አሰሩለት። የራሳቸውን እጅ የጠቀለሉት ከዚያ በኋላ ነው። ገመድ በገመድ እየተቀባበልን ለመውረድ ቀኑን ሙሉ ፈጀብን፤ እያንዳንዱን ቋጠሮ የሠራሁት እኔ ብሆንም እያንዳንዱን ያዩት እሳቸው ናቸው። መሬት ስንደርስ ዮናስ አንገቱን ደፍቶ ማልቀስ ጀመረ።

«ዝም በል» አሉት። «ውሃችን አልቋል፣ አታባክን።»

የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ከዚያ በኋላ አልታጠፉም። ለድንጋዩ አልተጨነቁም። የተጨነቁት ለሕፃናቱ ነው። የሕፃን ደም ሥር ክር ማለት ነው፤ በደነዘዘ ጣት አይገኝም። አለቆቻቸው ከአልጋ ክፍል አውጥተው መድኃኒት ማደያ ሊያስቀምጧቸው አሰቡ። ሲስተር ጊዜ ስጡኝ አሉና በግራ እጃቸው መለማመድ ጀመሩ። መጀመሪያ ብርቱካን ላይ። ከዚያ ሰው አስፈለጋቸው።

«የኔን ክንድ» አለ ዮናስ። እኔም የኔን አልኩ። አልፈቀደልኝም። እግሩ ገና በጄሶ ሳለ ጀምሮ በክራንች እየመጣ እጅጌውን ይሰበስብ ነበር። ሲስተር ይወጋሉ፣ ይስታሉ፣ ይቅርታ ይላሉ። «እንደገና» ይላል እሱ። ክንዱ በልዞ ሰማያዊና ቢጫ ሆነ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ዕፅ የጀመረ መስሏቸው አለቃው ለብቻው ጠርቶ መከረው። ይህን ሲነግራቸው ሲስተር መርፌውን አስቀምጠው በሳቅ ተንፈራፈሩ። ስለ መብሻው ግን አንድም ቀን አንስተውበት አያውቁም።

እንዴት እንዳለቀ የነገረችኝ አብራቸው የምትሠራ ነርስ ናት። በተቅማጥ ሰውነቱ ደርቆ የመጣ ጨቅላ ነበር። ተራ በተራ ሞክረው ሁሉም አቃታቸው። እናትየው ግድግዳ ላይ ተደግፋ ታለቅሳለች። ሲስተር ገብተው የልጁን እግር ሲደባብሱ ቆዩና መርፌውን በግራ እጃቸው ያዙ።

«በግራ?» አለች ነርሷ።

«በግራ።»

በመጀመሪያው ገባ። ልጁ ዳነ። መድኃኒት ማደያው ነገርም በዚያው ቀረ።

ሐያት የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ወላጆቿ ከስልጤ መጥተው መገናኛ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈቱ ሰዎች ናቸው፤ ሱቁን አሁን የምታስተዳድረው እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ ጓደኛዋን አጅባ ለማየት መጣችና ቀረች። ሄልሜቷን በሂጃቧ ላይ ታጠልቃለች፣ ሲበዛ ዝምተኛ ናት። ሲስተር ወሬ ይወዳሉ፤ ሐያት በቀን ሁለት ቃል አትናገርም፤ ግን ሁልጊዜ ጎን ለጎን ነበር የሚቀመጡት። «ይቺ ልጅ ድንጋዩን አትጫነውም» አሉኝ አንድ ቀን። ከሳቸው አፍ እንደዚህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ጡረታ በወጡ ማግስት ያህል ታመሙ። ጉበታቸው ነበር፤ ምን እንደሆነ ከሐኪሞቹ እኩል ያውቁታል፤ አላለቃቀሱም፣ አላስለቀሱንም። ሐያትና ዮናስ የሰሜኑን ግንብ ሊሞክሩት መሆኑን ሲሰሙ ግን «ውሰዱኝ» አሉ። ጋቢ አልብሼ፣ ከግንቡ ፊት ለፊት፣ ከወዲህ ባለው ጠርዝ ላይ ወንበር ዘርግቼ አስቀመጥኳቸው። ሁለቱ መውጣት በጀመሩ በማግስቱ ልሙጡ ጋ ደረሱ። የሲስተር እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ባይኖኩላሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«ምን ታደርጋለች?»

«ቆማለች።»

«ትቁም።»

«ወደ ጎን ሄደች… ተመለሰች።»

«ትመለስ። ዮናስስ?»

«ገመዱን ይዞ ቀና ብሎ ያያታል። ምንም አይላትም።»

«ጎበዝ» አሉ። የትኛቸውን እንደሆነ አላውቅም።

ሐያት ለረጅም ጊዜ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ከዚያ እንደገና ወደ ግራ ሄደች፤ ከመስመሩ በጣም ርቃ፣ ማንም ባላሰበበት በኩል። አንድ ጊዜ ብቻ እግሯ ተንሸራተተ። ወዲያው ደግሞ አካሏ ተሳበ፣ ዞረ፣ ወጣ። እጇ የላይኛው ስንጥቅ ውስጥ ገባ።

«አለፈች!» ብዬ ጮህኩ። ሲስተር እጄን ፈልገው ያዙና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

የቀረውን ወጥተው ጨርሰው ከሰዓት በኋላ በመንገዱ ዞረው እኛ ጋ ደረሱ። ፊታቸው በአቧራና በላብ ተበክሏል። ዮናስ ከኋላ ቀረት አለ። ሐያት መጥታ ከወንበሩ ሥር ተንበረከከች። እንኳን ደስ አለሽ የሚሉ መስሎኝ ነበር።

«የት ያዝሽ?» አሏት።

«ወደ ግራ ነው እናቴ» አለች ሐያት። «ስስ የድንጋይ ከንፈር አለች፤ ከታች ሆነው አያዩዋትም፣ እኔም በጎን ስደርስ ነው ያየኋት። ከላይ አትያዝም፤ በሁለት ጣት ከሥር ነው።»

«እግርሽስ?»

«እግር የለም። እስክዞር ድረስ ምንም የለም።»

«አሳዪኝ።»

ሐያት የሲስተርን ክንድ ይዛ፣ አጥንቱ ላይ በሁለት ጣቷ ጫፍ ከሥር አንቃ ያዘችው። ሲስተር በደህና እጃቸው ያንኑ ለማድረግ ሞከሩ። የወንበሩን ጠርዝ ከሥር ይዘው ወደ ላይ ሳቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንደገና ሳቡ። ድንገት ፊታቸው ሁሉ በራ።

«አልችለውም ነበር!» አሉ። «ጣቴ ደህና ሳለም፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁም አልችለውም ነበር!» ሳቃቸውን ማቆም አቃታቸው፤ እስኪያስላቸው ሳቁ። ትልቅ ስጦታ እንደተሰጠው ሰው ነበር የሚስቁት። ዮናስ እዚያው ራቅ ብሎ ወደ ግንቡ ዞሮ ዓይኑን ይጠርጋል።

ሳሉ ሲበርድላቸው ጋቢውን ከትከሻቸው ገፋ አድርገው ክንዳቸውን እንደገና ለሐያት ዘረጉላት።

«እስቲ ደግመሽ አሳዪኝ» አሉ።